ዘ ኳተርማስ ኤክስፔሪመንት፦ ከቴሌቪዥን ወደ ሲኒማ የተሻገረው የጠፈር ታሪክ

«ዘ ኳተርማስ ኤክስፔሪመንት» በ1955 እንግሊዝ ውስጥ የተሠራ ጥቁርና ነጭ የሳይንስ ፊክሽን ፊልም ነው። (እዚህ የተጠቀሱት ዓመታት፣ ወራትና ቀናት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) የሠራው ሐመር የተባለው የፊልም ኩባንያ ነው፤ ዳይሬክተሩ ደግሞ ቫል ጌስት። ርዝመቱ 82 ደቂቃ ነው። ታሪኩን ግን የሲኒማ ሰዎች አላፈለቁትም። ከሁለት ዓመት ቀደም ብሎ ቢቢሲ ካሳየው የቴሌቪዥን ተከታታይ ድራማ የተወሰደ ነው። የድራማው ደራሲ ናይጀል ኒል ይባላል። ፊልሙ የኒልን ታሪክ ከመጥፋት አትርፎታል። የኒልን መጨረሻ ግን ቀይሮበታል። እሱም ይህን በቀላሉ አልዋጠውም።

ታሪኩ እንዲህ ነው። ፕሮፌሰር በርናርድ ኳተርማስ ሦስት ሰዎች ያሳፈረ ሮኬት ወደ ጠፈር ይልካል። ሮኬቱ ከቁጥጥር ውጭ ሆኖ ይቆይና ተመልሶ እንግሊዝ ገጠር ውስጥ አንድ ማሳ ላይ ይሰካል። በሩ ሲከፈት አንድ ሰው ብቻ ይወጣል፤ ቪክተር ካሩን። የሁለቱ ጓደኞቹ የጠፈር ልብስ ባዶውን ተገኝቷል። ካሩን አይናገርም፣ ሰውነቱም እየተለወጠ ነው። ጠፈር ላይ ያገኛቸው ነገር ሁለቱን በልቶ በሦስተኛው ገላ ውስጥ ተደብቆ መጥቷል። ይህ ሁሉ የተጻፈው ማንም ሰው ከምድር ሳይርቅ መሆኑን ልብ በሉ። የመጀመሪያዋ ሳተላይት ስፑትኒክ የተወነጨፈችው በ1957 ነው፤ የመጀመሪያው የጠፈር ተጓዥ ጋጋሪን የበረረው ደግሞ በ1961። ጸሐፊው የፈለገውን ቢያስፈራ «ኧረ እንዲህ አይደለም» የሚለው ሰው አልነበረም።

ድራማው የተላለፈው በ1953 ክረምት ነው፤ ከሐምሌ እስከ ነሐሴ፣ ቅዳሜ ቅዳሜ ማታ፣ በስድስት ክፍል። የቴሌቪዥን ዳይሬክተሩ ሩዶልፍ ካርቲየር ነበር። ያኔ ድራማ ቀድሞ ተቀርጾ የሚቀርብ ነገር አልነበረም። ተዋንያኑ ለንደን አሌክሳንድራ ፓላስ ከሚገኘው ስቱዲዮ በቀጥታ ይጫወቱ ነበር። ቃል የጠፋበት ተዋናይ በሚሊዮኖች ፊት ነው የሚጠፋበት። ቢቢሲ የመጀመሪያዎቹን ሁለት ክፍሎች ከስክሪን ላይ በፊልም ቀርጾ አስቀመጠ። የቀሩት አራቱ አልተቀረጹም። በአየር ላይ ሄዱ፣ አለቀ። የመጨረሻውን ክፍል ወደ 5 ሚሊዮን የሚጠጋ ሰው እንዳየው ይነገራል። ዛሬ ግን ማንም ሊያየው አይችልም።

ኒል ለዋናው ገጸ ባሕርይ ስም ያወጣው ከለንደን የስልክ ማውጫ ላይ ነው። በርናርድ የሚለውን የወሰደው ከጠፈር ተመራማሪው በርናርድ ሎቬል ነው። ገንዘብ ስላልነበረ አውሬውን የሠሩት ራሱ ኒልና በኋላ ሚስቱ የሆነችው ጁዲት ከር ናቸው። (ከር ከዓመታት በኋላ በሕፃናት መጻሕፍቷ ስመ ጥር ሆናለች።) ጓንት ላይ ቅጠላ ቅጠል ለጣጠፉበት። የዌስትሚኒስተር አቢ ቤተክርስቲያንን የውስጥ ክፍል የሚያሳይ ትልቅ ፎቶግራፍ ቀደዱና ኒል እጁን በቀዳዳው አሾለከ። ካሜራው ፊት እጁን ሲያወዛውዝ አውሬው ቤተክርስቲያኑ ውስጥ የተንጠለጠለ መሰለ። አገር ያስደነገጠው የደራሲው እጅ ነበር።

ሐመር ያኔ ትንሽ ኩባንያ ነበር፤ ከሬዲዮና ከሌላ ቦታ የታወቀ ታሪክ እየገዛ በርካሽ መሥራት ያውቅበታል። የድራማውን መብት ከቢቢሲ ገዛ። ኒል የቢቢሲ ደመወዝተኛ ስለነበር ከሽያጩ ያገኘው የለም። ስክሪፕቱንም ሌሎች ሰዎች ጻፉት፤ ሪቻርድ ላንዳው ጀመረው፣ ጌስት አስተካከለው። የሦስት ሰዓት ድራማ ወደ 82 ደቂቃ ሲወርድ ብዙ ነገር መቆረጡ ግድ ነው። የፊልሙ ወጪ 42,000 ፓውንድ ገደማ ነበር፤ ለዚያ ዘመንም ቢሆን ትንሽ ገንዘብ ነው።

ገንዘቡ በከፊል የመጣው ከአሜሪካዊው የፊልም ፕሮዲውሰር ሮበርት ሊፐርት ነው። አሜሪካ የሚሸጥ ፊልም አሜሪካዊ ፊት ያስፈልገዋል ተባለና ኳተርማስን እንዲጫወት ብራያን ዶንሌቪ መጣ። የቴሌቪዥኑ ኳተርማስ፣ ሬጂናልድ ቴት የተጫወተው፣ ሥራው ያስከተለው ጣጣ የሚከብደው ሳይንቲስት ነበር። ዶንሌቪ ግን ይጮኻል፣ ያዛል፣ ሰው ገፍቶ ያልፋል። ኒል ይህን ሰውዬ እስከ ዕድሜው መጨረሻ አልወደደውም። እኔ በበኩሌ እዚህ ላይ ከደራሲው ጋር ሙሉ በሙሉ አልስማማም። ሰው ገድሎም ሥራውን የማያቆም ሳይንቲስት ለዚህ ታሪክ የሚሆን አስፈሪ ሰው ነው። የፊልሙ የመጨረሻ ትዕይንትም ይህንኑ ይመሰክራል፤ አውሬው ከሞተ በኋላ ኳተርማስ ወደ ጨለማው ይሄዳል፣ ቀጥሎ ሌላ ሮኬት ሲተኮስ እናያለን።

የፊልሙ ትልቁ ሀብት ግን ካሩንን የተጫወተው ሪቻርድ ዎርድስዎርዝ ነው። የታዋቂው ገጣሚ የዊልያም ዎርድስዎርዝ የልጅ ልጅ ዘር ነው። ፊልሙ ውስጥ ቃል አይተነፍስም ማለት ይቻላል። የጎደጎደ ጉንጭ፣ የፈጠጠ ዓይን፣ የሚንቀጠቀጥ ትከሻ፤ ያለው መሣሪያ ይኸው ነው። ሆስፒታል ውስጥ ያለ ቁልቋል በቡጢ ሲመታ እሾሁ እጁ ውስጥ ይቀርና እጁ ከተክሉ ጋር መዋሃድ ይጀምራል። ከዚያ በኋላ ክንዱን ኮቱ ውስጥ ደብቆ ነው የሚሄደው። ኮቱ ስር ያለውን ነገር የምናየው ለአፍታ ብቻ ነው፣ ፍርሃቱም ከዚያ ይመጣል። ወደብ ዳር ከአሻንጉሊቷ ጋር የምትጫወት ትንሽ ልጅ ታገኘዋለች። «ሻይ እንጠጣ» ብላ ትጠጋዋለች። ሊገድላት ይችላል፣ እሱም ያውቃል፤ እየታገለ ከእሷ ይሸሻል። ልጅቷን የተጫወተችው በኋላ የታወቀች ተዋናይ የሆነችው ጄን አሸር ናት።

ጌስት ፊልሙን እንደ ዜና ዘገባ ነው የቀረጸው። ካሜራው አንዳንዴ በእጅ የተያዘ ነው፣ ተዋንያን አንዱ የሌላውን ንግግር እያቋረጡ ያወራሉ። ሮኬቱ ውስጥ የነበረ ካሜራ የቀረጸውን ሳይንቲስቶቹ ቁጭ ብለው የሚያዩበት ትዕይንት ደግሞ ድምፅ የለውም። ሦስቱ ሰዎች ሥራቸውን ሲሠሩ እናያለን። ድንገት አንድ ነገር ይንጣቸዋል። ምን እንደሆነ አይታይም። ዛሬ በብዙ ሚሊዮን ዶላር የሚሠራ ፊልም ይህን ያህል ላብ አያስወጣም። የጄምስ በርናርድ ሙዚቃም በክራርና በዋሽንት አይነት ለስላሳ ድምፅ አይደለም የሚሄደው፤ የቫዮሊን ቤተሰብ መሣሪያዎችና ከበሮ ብቻ ነርቭ ይነካሉ።

ማብቂያው ላይ ካሩን ሙሉ በሙሉ አውሬ ሆኖ ዌስትሚኒስተር አቢ ውስጥ የግንባታ ሠራተኞች የብረት መወጣጫ ላይ ወጥቶ ይገኛል። በዚያው ሰዓት የቴሌቪዥን ሠራተኞች ከቤተክርስቲያኑ በቀጥታ እያስተላለፉ ነበር። ለዘመኑ ተመልካች ይህ ቀልድ አልነበረም፤ የንግሥት ኤልሳቤጥን ዘውድ መጫን በ1953 ከዚያው ቦታ በቴሌቪዥን አይቶ ነበርና። አውሬውን የሠራው ሌስ ቦዊ ነው፤ ከላስቲክና ከከብት ጨጓራ። ኳተርማስ የለንደንን ኤሌክትሪክ ወደ ብረቱ አስልኮ ያቃጥለዋል። በኒል ድራማ ግን ኳተርማስ መሣሪያ አልነበረውም። አውሬው ፊት ቆሞ ውስጡ የቀሩትን ሦስት ሰዎች ይለምናል። እነሱም ሰውነታቸውን አስታውሰው አውሬውን ከውስጥ ያጠፉታል። ኤሌክትሪኩ ለሲኒማ ይመቻል፣ ያኛው ግን ለታሪኩ የሚበልጥ መጨረሻ ነው።

የእንግሊዝ ሳንሱር በ1951 ያወጣው ኤክስ የተባለ ደረጃ ነበር፤ ዕድሜው 16 ያልሞላ አይገባም። ሌሎች ኩባንያዎች ገበያ ያበላሽብናል ብለው ሲፈሩት ሐመር ማስታወቂያ አደረገው። ከፊልሙ የእንግሊዝኛ ስም ላይ አንድ ፊደል (E) ቆርጦ ኤክስፔሪመንት የሚለው ቃል በኤክስ (X) ፊደል እንዲጀምር አደረገ። ፊልሙ ነሐሴ 26 ቀን 1955 ለንደን ፓቪሊየን ውስጥ ተመረቀ። ሕዝቡ ጎረፈ። አሜሪካ በ1956 «ዘ ክሪፒንግ አንኖን» በሚል ስም፣ ከርዝመቱ ተቀንሶለት ታየ።

ከዚህ ገቢ በኋላ ሐመር አስፈሪ ፊልም እንጀራው ሆነ። ወዲያው ሌላ የኳተርማስ ፊልም ሊሠራ አሰበ፣ ኒል ግን የኳተርማስን ስም አልሰጥም አለ። ስለዚህ በ1956 «ኤክስ ዘ አንኖን» የሚል ሌላ ሳይንቲስት ያለበት ፊልም ወጣ። በ1957 የድራማው ሁለተኛ ታሪክ ፊልም ሲሆን ኒል ራሱ ስክሪፕቱ ውስጥ ገባ፤ ዶንሌቪ ግን አልቀረም። የፍራንከንስታይንና የድራኩላ ፊልሞች ተከተሉ። ሦስተኛው የኳተርማስ ታሪክ በ1967 ሲቀረጽ ኳተርማስን አንድሩ ኪየር ተጫወተ።

ቢቢሲ በሚያዝያ 2005 የመጀመሪያውን ታሪክ እንደ ጥንቱ በቀጥታ ስርጭት ደግሞ ሠራው፤ ኳተርማስ ሆኖ የቀረበው ጄሰን ፍሌሚንግ ነበር። ኒል ያኔ በሕይወት ነበር። በቀጣዩ ዓመት አረፈ።