ደብረ ብርሃን የራሷ የከተማ ወንበር ነበራት? ስለ እንደራሴዎች ምርጫ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

ሰኔ 14 ቀን 2013 ዓ.ም. ጠዋት ደብረ ብርሃን ውስጥ ለምርጫ ተሰልፌ ነበር። ከፊቴ የቆሙት አዛውንት ጋቢያቸውን እስከ አፍንጫቸው ተከናንበው፣ የመራጭነት ካርዳቸውን ዝናብ እንዳይነካው በፌስታል ጠቅልለው ይዘዋል። «በጃንሆይ ጊዜ ይቺ ከተማ የራሷ እንደራሴ ነበራት፤ ከገጠሩ ጋር አትደባለቅም ነበር» አሉኝ። «እውነት ነው አባባ» ብዬ መለስኩ። እኔም ከልጅነቴ ጀምሮ የሰማሁት ይህንኑ ነበር። ሕጉን ካነበብኩ በኋላ ግን ያንን መልሴን ማረም ግዴታዬ ሆኖ ይሰማኛል።

«ደብረ ብርሃን የራሷ የከተማ ወንበር ነበራት»

በ1948 ዓ.ም. ተሻሽሎ የወጣው ሕገ መንግሥት አገሪቱን በተቻለ መጠን 200,000 ሰው በሚይዙ የምርጫ ወረዳዎች ከፈለ። እያንዳንዱ ወረዳ 2 እንደራሴ ይልካል። ከዚህ በተጨማሪ ሕዝቡ ከ30,000 የሚበልጥ ከተማ ለብቻው 1 እንደራሴ፣ ከ30,000 በላይ ላለው ለእያንዳንዱ 50,000 ሰው ደግሞ ሌላ 1 ያገኛል። 130,000 ሰው ያለበት ከተማ በዚህ ስሌት 3 እንደራሴ ይኖረዋል ማለት ነው። የከተማ ወንበር የሚባለው ይህ ነው፤ በዘውዱ ዘመን ኖሮ ከዘውዱ ጋር ቀርቷል።

ደብረ ብርሃን እዚህ ቁጥር ውስጥ አትገባም። በ1987 ዓ.ም. በተካሄደው ቆጠራ፣ ማለትም ፓርላማው ከተዘጋ ከ20 ዓመት በኋላ እንኳ፣ የነዋሪዋ ቁጥር 38,717 ነበር። በ1950ዎቹ 30,000 ልታልፍ የምትችልበት መንገድ አልነበረም። የተጉለትና ቡልጋ አውራጃ ዋና ከተማ ብትሆንም ድምፅ የሰጠችው ከዙሪያዋ ገጠር ጋር ነው። የአውራጃ ዋና ከተማነትና የፓርላማ ወንበር የተምታታው ምናልባት እዚህ ላይ ይመስለኛል፤ ዋና ከተማነቱ ገዢውንና ጽሕፈት ቤቱን አመጣላት እንጂ ወንበር አላመጣላትም።

«እንደራሴዎቹን የሚሾሟቸው ንጉሡ ነበሩ»

ይህ ግማሽ እውነት ስለሆነ ነው ሥር የሰደደው። በ1923ቱ ሕገ መንግሥት የሕግ መምሪያ ምክር ቤት አባላትን፣ ማለትም እንደራሴዎቹን፣ የሚመርጡት መኳንንቱና የየአገሩ ሹማምንት ነበሩ፤ ሕዝቡ በቀጥታ አልመረጠም። ከ1948ቱ ሕገ መንግሥት በኋላ ግን የሕግ መምሪያው አባላት በሕዝብ ቀጥተኛ ድምፅ ለ4 ዓመት ይመረጡ ጀመር። ንጉሠ ነገሥቱ የሚሾሙት የሕግ መወሰኛ ምክር ቤቱን ሲሆን ዘመኑም 6 ዓመት ነው። ሁለቱ ስሞች ስለሚመሳሰሉ አንዱ በሌላው ስም ሲጠራ እሰማለሁ፤ የተሾመው መወሰኛው ነው፣ የተመረጠው መምሪያው።

«የ1957ቱ ምርጫ የመጀመሪያው ነው»

ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ነውና ቀስ ብለን እንሂድ። በዘውዱ ዘመን 5 ቀጥተኛ ምርጫዎች ተካሂደዋል። በፈረንጆች አቆጣጠር 1957፣ 1961፣ 1965፣ 1969 እና 1973 ናቸው። በእኛ አቆጣጠር 1950፣ 1953፣ 1957፣ 1961 እና 1965 ናቸው። ሁለቱን ረድፎች ጎን ለጎን አድርጋችሁ እዩ፤ 1957፣ 1961 እና 1965 በሁለቱም ውስጥ አሉ፣ ግን የሚናገሩት ስለ ተለያዩ ምርጫዎች ነው። በፈረንጅ አቆጣጠር 1957 የመጀመሪያው ምርጫ ሲሆን፣ በእኛ 1957 ሦስተኛው ነው። አንድ ጽሑፍ «በ1961 ምርጫ» ብሎ ዓ.ም. ወይም እ.ኤ.አ. ካላለ፣ አንባቢው ስለ ሁለተኛው ይሁን ስለ አራተኛው ምርጫ እያነበበ እንደሆነ ማወቅ አይችልም። «የ1955ቱ ሕገ መንግሥት» የሚለው አጠራርም እንዲሁ ነው፤ በእኛ አቆጣጠር የወጣው ጥቅምት 1948 ላይ ነው። አያቱ በስንት ዓመተ ምሕረት እንደተወዳደሩ የሚፈልግ ልጅ ቤተሰቡ የነገረውን ዓመት ከተሳሳተ ረድፍ ጋር ሲያስተያይ «ውሸት ነው» ብሎ ይተወዋል። ያሳዝነኛል፤ ውሸት የለም፣ የቀን መቁጠሪያው ነው የተለያየው።

«ማንም መወዳደር ይችል ነበር»

አይችልም ነበር። ዕጩው በትውልድ ኢትዮጵያዊ፣ ዕድሜው ቢያንስ 25 ዓመት፣ የምርጫ ወረዳው ነዋሪ መሆን ነበረበት፤ በዚያው ወረዳ ውስጥም 1,000 ብር የሚያወጣ የማይንቀሳቀስ ወይም 2,000 ብር የሚያወጣ የሚንቀሳቀስ ንብረት ሊኖረው ይገባል። የሰው መሬት የሚያርስ ጭሰኛ ይህን ከየት ያመጣል? ድምፅ መስጠት ይችላል፤ መመረጥ ግን ከአቅሙ በላይ ነው። የባለርስትና የጭሰኛን ግንኙነት ሊያስተካክል የቀረበው ረቂቅ ሕግ በምክር ቤቱ ለዓመታት ተጓቶ ሳይጸድቅ የቀረው፣ ወንበሮቹ ላይ የተቀመጡት በአመዛኙ ባለ መሬቶች ስለነበሩ ነው። የመሬቱን ጥያቄ የመለሰው ፓርላማው ሳይሆን የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የወጣው የደርግ አዋጅ ሆነ።

«ሴቶች ድምፅ አልነበራቸውም»

ነበራቸው። 21 ዓመት የሞላው ወንድም ሴትም ይመርጥ ነበር፤ በመጀመሪያው ምርጫም ወይዘሮ ስንዱ ገብሩ ከአዲስ አበባ ተመርጠው ምክር ቤት ገብተዋል።

«የየትኛው ፓርቲ እንደራሴ ነበሩ?»

ጥያቄው ራሱ ከዛሬ ተነሥቶ ወደ ኋላ የሄደ ነው። በዘውዱ ዘመን ፓርቲ አልነበረም፤ ሁሉም በየግሉ ነው የሚወዳደረው።

«ለማሸነፍ ከግማሽ በላይ ድምፅ ያስፈልጋል»

ከዚህ በኋላ ያለው ስለ ዛሬው ሥርዓት ነው። ያሳሳተን «አብላጫ ድምፅ» የሚለው ቃል ይመስለኛል። በአንድ የምርጫ ክልል ውስጥ ከሌሎቹ ዕጩዎች ከእያንዳንዳቸው የበለጠ ድምፅ ያገኘ፣ በአንድ ድምፅ እንኳ ቢሆን፣ አሸናፊ ነው። ብዙ ዕጩ ባለበት ቦታ ከመራጩ ሢሶውን እንኳ ያላገኘ ሰው ሊያሸንፍ ይችላል። ከግማሽ በላይ የሚያስፈልገው መንግሥት ለመመሥረት ነው፤ ከሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት 547 ወንበር 274።

የዞናችን ስም ሌላው ወጥመድ ነው። ሰሜን ሸዋ በአማራ ክልልም በኦሮሚያ ክልልም አለ፤ የአንዱ ዋና ከተማ ደብረ ብርሃን፣ የሌላው ፍቼ ነው። ውጤት የሚፈልግ ሰው ከዞኑ ስም በፊት የክልሉን ስም ይመልከት።

«የምርጫ ክልል ማለት ወረዳው ነው»

አስተዳደሩና ምርጫው ሁለት የተለያዩ ካርታዎች ናቸው። የምርጫ ክልሎችን ወሰን በምርጫ ቦርድ አቅራቢነት የሚወስነው የፌዴሬሽን ምክር ቤት ሲሆን፣ መሠረቱም በየ10 ዓመቱ መካሄድ ያለበት የሕዝብ ቆጠራ እንደሆነ በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 103 ተጽፏል። እኚያን አዛውንት ዳግም ባገኛቸው የምነግራቸው ይህንን ነው፤ የከተማችን ድርሻ ጥያቄ ያለው በጃንሆይ ዘመን ሳይሆን እዚህ ነው። የመጨረሻው አገራዊ ቆጠራ የተካሄደው በ1999 ዓ.ም. ነው። ደብረ ብርሃን ያኔ 65,231 ሰው ነበራት፤ ከዚያ ወዲህ የተሠሩትን ሰፈሮች ከጠባሴ ተነሥቶ በእግሩ የሄደ ሰው ያውቃቸዋል።