«ሃምሳ ሎሚ» የመዋጮ ተረት አይደለም

«ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ።» ይህን ተረት ዛሬ ዛሬ የምሰማው መዋጮ ሲጠየቅ ነው። በቅርቡም አንድ የሰፈር ስብሰባ ላይ ሰማሁት። የኮብልስቶን መንገድ ሊሠራ ነው። መንገዱ ተቀይሷል፣ የየቤቱ ድርሻም ተተምኗል። ሰብሳቢው ተረቱን ጠቀሱና በቀጥታ ወደ ክፍያው ገቡ። አንዲት እናት እጃቸውን አውጥተው «መንገዱ ከፍ ሲል የክረምቱ ጎርፍ በማን በር ሊገባ ነው?» አሉ። «እሱ በባለሙያ ተጠንቷል» ተባሉ። የዚያን ሰፈር ጎርፍ ከእሳቸው በላይ የሚያውቅ ማን አለ?

ነገሩ ሸክም መከፋፈል ብቻ ቢሆን ኖሮ ድንጋይም እንጨትም ይበቃ ነበር። ለምን ሎሚ ተመረጠ? ተረቱ የጥምቀት ልጅ ነው ብዬ አምናለሁ። በጥምቀት ጎረምሳው ሎሚ ይዞ ይወጣል። ማንም አይመርጥለትም፤ ራሱ አገላብጦና አሽትቶ ይለያል። ከዚያ ለወደዳት ልጅ ይወረውራል። ልጅቷ ካነሳችው እሺ ብላለች፤ ካለፈችው አለቀ። በዚያ ሜዳ ላይ ሎሚ ጌጥ የሚሆነው ሰጪውም ተቀባዩም ወዶ ስለሚያደርገው ነው። ተረቱን ያወጣው ሰው ያን ሜዳ እያየ ነበር። ከዚህ ሐሳብ የሚያነቃንቀኝ የለም።

የደቦ ነገር ሲነሳም ሰው የሚያስታውሰው ጠላውንና ዘፈኑን ነው። እኔ የማስታውሰው ከደቦው በፊት ያለውን ምሽት ነው። አያቴ ጤፍ ሊያሳጭዱ ሲሉ በየቤቱ ይዞሩ ነበር። እኔ ባትሪ ይዤ እከተላለሁ። «ሐሙስ ብናደርገውስ?» ይላሉ። አንዱ «ሐሙስ እኮ ማኅበር አለብን» ካለ ቀኑ ይቀየራል። አንድ ጊዜ አንድ ጎረቤታችን «ጋሼ፣ የታችኛው ይቆይ። የላይኛው ደርቋል፣ ይረግፍብዎታል» አላቸው። ማሳው የራሳቸው ነው፤ ከታች ሊጀምሩም ቆርጠው ነበር። በማግስቱ ወጥተው የላይኛውን ዛላ በመዳፋቸው አሹት። ፍሬው እጃቸው ላይ ቀረ። አጨዳው ከላይ ተጀመረ። ያ ጎረቤት በደቦው ቀን ከሁሉ ቀድሞ፣ ማጭዱን ስሎ ደረሰ።

ሰው የሚመጣው እንዲህ ሲጠየቅ ነው። ሕገ መንግሥቱም ከ1987 ዓ.ም ጀምሮ በአንቀጽ 43 ዜጎች ማኅበረሰባቸውን በሚመለከቱ ፖሊሲዎችና ፕሮጀክቶች ላይ ሐሳባቸውን እንዲሰጡ የመጠየቅ መብት እንዳላቸው ይናገራል። አንቀጽ 92 ደግሞ አካባቢን በሚነኩ ፕሮጀክቶች ላይ ሕዝቡ በዕቅዱም በአፈጻጸሙም ሐሳብ እንዲሰጥ ያዛል። አለቀ ደቀቀ የተባለን ነገር አዳራሽ ሰብስቦ ማንበብ «የሕዝብ ተሳትፎ» አይባልም። ያሳዝናል፤ ያማረ ተረት ደግሞ እየተበላሸብን ነው። ልጆቻችን «ሃምሳ ሎሚ» ሲባል ኪሳቸውን መያዝ ጀምረዋል።

ተረቱን መጥቀስ የሚወድ ሰብሳቢ ካለ ሰዉን ከቅየሳው በፊት ይጥራ። መንገዱ በየት ይለፍ፣ ውሃው ወዴት ይውረድ፣ አቅም የሌለው ቤት ምን ይሁን፣ ገንዘቡን ማን ይቆጣጠር የሚለውን ክፍት አድርጎ ያቅርብ። የተቃወመው ሰው ሐሳብም ቃለ ጉባኤው ላይ ይጻፍ።