«ጨብሲ» ሲባል ምን የሚሰበር ነው?
ደሴ ውስጥ በርጫ ላይ፣ ማለትም ጫት ሲቅም፣ የዋለ ሰው ሲመሽ «ለጨብሲ ሁለት ቢራ ልበል» ቢል ጠጪ ነው የሚለው የለም፤ መጠጡ እንደ መድኃኒት ይታያልና። ቃሉ የመጣው «መስበር» ከሚለው የኦሮምኛ ግስ ሲሆን፣ ይሰበራል የሚባለውም ምርቃናው፣ ማለትም ጫቱ የፈጠረው ንቃት፣ ነው።

ግራ የሚያጋባው መስበር ማለት ማጥፋት መስሎ መታየቱ ነው። በጫት ቅጠል ውስጥ የሚገኘው ካቲኖን አእምሮን ያነቃቃል፣ የልብ ምትንና የደም ግፊትንም ከፍ ያደርጋል፤ አልኮል በበኩሉ አእምሮን ያደነዝዛል እንጂ ካቲኖንን ከደም ውስጥ ስለማያስወጣ፣ ሁለቱም በአንድ ሰውነት ውስጥ በየፊናቸው ሥራቸውን ይቀጥላሉ። ይባስ ብሎ ምርቃናው የስካሩን ስሜት ስለሚሸፍነው፣ በሁለት ጠርሙስ የጀመረው ሰው ቆርኪው ፊቱ ተቆልሎ እያየ እንኳ «ዛሬስ አልያዘኝም» ይላል። ይህን ቃል ወደ ኮምቦልቻ የሚያወርደውን ጠመዝማዛ ቁልቁለት ሊጀምር ካለ ሾፌር አፍ መስማት፣ እውነቱን ለመናገር፣ ያስፈራል። ጉበት አልኮልን የሚያጣራው በራሱ ፍጥነት ነው፤ ቡናም ሆነ ቀዝቃዛ ውሃ አያጣድፈውም።

ልማዱ ሲቆይ ደግሞ ያለ ጨብሲ እንቅልፍ እምቢ ይላል፤ ጠዋት ለሚመጣው ድብርትም መልሶ ጫት ያስፈልጋል፤ በዚህ መንገድ አንዱ ሱስ ሁለት ይሆናል።