«ሐሳብህ ሕይወትህን ይሠራል» ሲባል ምን ማለት ነው?

ብዙ ሰው ይህን ሲሰማ «በጎ ካሰብኩ በጎ ይመጣልኛል» ብሎ ይረዳዋል። እንደዚያ አይደለም።

አሜሪካዊው የሥነ ልቦና ባለሙያ አልበርት ኤሊስ ነገሩን በሦስት ይከፍለዋል፦ የሆነው ነገር፣ እኛ የሰጠነው ትርጉም፣ ከዚያ የሚከተለው ስሜትና ድርጊት። ቁልፉ መሃለኛው ነው።

ድሬዳዋ፣ ከዚራ ሰፈር ዛፎች ሥር የምታውቀው ልጅ ሰላም ሳይልህ አለፈ እንበል። «ንቆኝ ነው» ካልክ ትናደዳለህ፤ በማግስቱ አንተም ፊት ትነሳዋለህ። እሱ ደግሞ ምክንያቱን ሳያውቅ ይርቅሃል። ይኸው፣ የፈራኸው ንቀት እውነት ሆነ! «አላየኝም ይሆናል» ካልክ ግን «አቦ፣ ምነው ዘጋኸኝ?» ብለህ ትጠራዋለህ። ምናልባትም አብራችሁ ሻይ ትጠጣላችሁ። የሆነው አንድ ነው፤ የተከተለው ግን ሁለት ዓይነት ጓደኝነት።

ሁሉም ነገር ግን ከሐሳብ አይመነጭም። በ1998 ዓ.ም. ክረምት ድሬዳዋን የሚያቋርጠው የደቻቱ ወንዝ ጎርፍ ከ200 በላይ ሰው ሲገድል የማንም አስተሳሰብ አልጠራውም። ለሐዘንተኛ «አስተሳሰብህን ቀይር» ማለት ጭካኔ ነው፤ ሐዘኑ ተገቢ ነው። ሊመረመር የሚችለው «ከእንግዲህ ምንም አልሆንም» የሚለው ድምዳሜ ነው፤ እሱም ቀስ ተብሎ፣ ጊዜው ሲደርስ፣ ከሚያምኑት ሰው ጋር።