ኤችአይቪ ከህዋሳችን ጂኖች ጋር የሚያደርገው፦ የተሳሳቱ አመለካከቶችና እውነታው

ደሴም ሆነ ኮምቦልቻ፣ ባቲም ሆነ ወልድያ፣ ኤችአይቪ እንዴት እንደሚተላለፍ የማያውቅ ሰው ጥቂት ነው። ደም ውስጥ ከገባ በኋላ ስለሚሠራው ሥራ ግን ብዙ ስህተት ይወራል፤ መድኃኒት የሚያስቋርጠውም አብዛኛውን ጊዜ ይኸው ወሬ ነው።

«ቫይረሱ ነጭ የደም ህዋስን እየበላ ይጨርሳል።»

የሚበላበት አፍ የለውም። 9,700 ገደማ ፊደላት ያሉት የአርኤንኤ (የዲኤንኤ ዘመድ የሆነ የዘር መመሪያ) ክር ሲሆን፣ ጂኖቹም 9 ብቻ ናቸው። ሰው ፕሮቲን የሚሠሩ 20,000 ያህል ጂኖች ስላሉት፣ ቫይረሱ የሚባዛው በእነዚህ ውጤቶች እየተገለገለ ነው። ሲዲ4 የሚባለው ነጭ የደም ህዋስ ውስጥ ሲገባ አርኤንኤውን ወደ ዲኤንኤ ይገለብጥና ከሰውዬው ዲኤንኤ ጋር ይሰፋዋል። ቦታም ይመርጣል፤ የሚበዛው የሚሰፋው ሥራ ላይ ያሉ ጂኖች ባሉበት ነው።

ከዚያ ህዋሱ የቫይረሱን ጂን ማንበብ ይጀምራል፣ ግን ብዙ ሳይሄድ ይቆማል። ታት የተባለው የቫይረሱ ፕሮቲን፣ ህዋሱ የራሱን ጂኖች አንብቦ ለመጨረስ የሚጠቀምባቸውን ፕሮቲኖች ስቦ ያመጣና ንባቡን ያስጨርሰዋል። በዚህ መሀል የህዋሱ የአደጋ ጊዜ ጂኖች (ኢንተርፌሮን የተባለው የሰውነት የማንቂያ ፕሮቲን የሚቀሰቅሳቸው) ሥራቸው ይጨምራል። ቪፒአር የሚባለው ሌላው ፕሮቲን ደግሞ ህዋሱን ከመከፈል ያግደዋል።

እኛን በቀጥታ የሚመለከት ነገርም አለ። ኢትዮጵያ ውስጥ የሚበዛው ሲ የተባለው የቫይረሱ ዝርያ ነው። በጂኑ ማስጀመሪያ ላይ ኤንኤፍ ካፓ ቢ የተባለው የሰው ፕሮቲን የሚያርፍበት ቦታ በሲ ዝርያ አብዛኛውን ጊዜ 3 ሲሆን፣ በአውሮፓና በአሜሪካ በሚበዛው ቢ ዝርያ 2 ነው። ይህ ፕሮቲን የሚነቃው ህዋሱ ከሌላ ተህዋስ ጋር ሲታገል ነው። ሳንባ ነቀርሳ ቫይረሱን የሚያበረታበት አንዱ ምክንያት ይኸው ነው።

«የሚሞተው ቫይረሱ የሚራባበት ህዋስ ብቻ ነው።»

በንፍፊት ውስጥ ከሚሞቱት የሚበዙት ቫይረሱ ገብቶባቸው ግልበጣው ያልተሳካባቸው ናቸው። ህዋሱ ሳይሟላ የቀረውን የቫይረሱን የዲኤንኤ ቁራጭ ሲያገኝ ራሱን ያፈነዳል። ፍንዳታው ብግነት ያስነሣል፤ ብግነቱ ሌሎች ሲዲ4 ህዋሳትን ይጠራል፤ እነሱም በተራቸው ይያዛሉ።

«ቫይራል ሎዴ (በደሜ ያለው የቫይረስ ብዛት) አይታይም ተባልኩ፤ ስለዚህ ድኛለሁ።»

ግማሹ እውነት ነው። ቫይራል ሎዱ የማይታይ ሰው በግብረ ሥጋ ግንኙነት ቫይረሱን አያስተላልፍም። መዳን ግን ሌላ ነው። ያለፈ በሽታን በሚያስታውሱና ባረፉት ሲዲ4 ህዋሳት ውስጥ የቫይረሱ ጂን እንደ ተዳፈነ እሳት ተቀምጧል። ስለማይነበብ ቫይረስ አያወጣም፤ መድኃኒቱም አያገኘውም። እንደገና ሊነሣ የሚችል ቫይረስ የያዘው ካረፉት ሲዲ4 ህዋሳት በሚሊዮን 1 ገደማ ነው፤ በግማሽ ለመቀነስ ግን 44 ወር ያህል ይፈጅበታል። ዶሉተግራቪር የተባለው የኤችአይቪ መድኃኒት አዲስ መስፋትን ይከለክላል፣ የተሰፋውን አይተረትርም። መድኃኒት ሲቆም ቫይረሱ በአብዛኛው ከ2 እስከ 4 ሳምንት ውስጥ የሚመለሰውም ለዚህ ነው።

ስለዚህ አወሳሰዱ ላይ መጠንቀቅ ነው። ቲኤልዲ (ቴኖፎቪር 300፣ ላሚቩዲን 300፣ ዶሉተግራቪር 50 ሚሊግራም) በቀን 1 ፍሬ፣ በምግብም ያለ ምግብም ይዋጣል። በረመዳን በሱሁር ወይም በማፍጠሪያ ሰዓት መርጦ በዚያው መጽናት ይቻላል። ብዙ ሰው የሚሳሳተው በጨጓራ መድኃኒት ነው፦ ማግኒዚየም ወይም አሉሚኒየም ያለበት ከሆነ ዶሉተግራቪርን ይዞ ያስቀረዋልና ቲኤልዲው ከእሱ 2 ሰዓት ቀድሞ ወይም 6 ሰዓት ቆይቶ ይወሰድ። ነፍሰ ጡሮች የሚወስዱት አይረንም እንዲሁ ነው፤ ሁለቱ አብረው የሚዋጡት ከምግብ ጋር ከሆነ ብቻ ነው። የሳንባ ነቀርሳው ሪፋምፒሲን ደግሞ የዶሉተግራቪርን መጠን ስለሚያወርድ፣ ሐኪሙ ከቲኤልዲው 12 ሰዓት ቆይቶ የሚዋጥ ተጨማሪ 50 ሚሊግራም ዶሉተግራቪር ያዛል።

«ጂን ውስጥ ከገባ በዘር ይወረሳል።»

አይወረስም። የሚሰፋው በበሽታ ተከላካይ ህዋሳት እንጂ ልጅ በሚወርሰው ዘር ላይ አይደለም። ሕፃን የሚያዘው በእርግዝና፣ በምጥ ወይም በጡት ነው። ያለ ሕክምና ዕድሉ ከ15 እስከ 45 በመቶ ሲሆን፣ በሕክምና ከ5 በመቶ በታች ይወርዳል።

«ደሜ ኦ ነው፣ አይዘኝም።»

የደም ዓይነት እዚህ ውስጥ የለበትም። የታወቀው መከላከያ ቫይረሱ ወደ ህዋስ የሚገባበትን በር ከሚሠራው ሲሲአር5 ጂን ላይ 32 ፊደላት መጉደላቸው ነው፤ ያውም ከእናትም ከአባትም ሲወረስ። በሰሜን አውሮፓ ዝርያ ካላቸው 1 በመቶ ገደማ ላይ ይገኛል፤ እኛ ዘንድ ግን የለም ማለት ይቻላል።

«ጠበል ከጀመርኩ፣ ዱዓ ካስደረግሁ መድኃኒቱ ይቁም።»

አንዱ ሌላውን አይከለክልም። መስከረም 21 ግሸን የሚወጣም፣ ለመውሊድ ጀማ ንጉሥ የሚሄድም ከሚቆይበት ቀን ጥቂት ትርፍ ፍሬ ይያዝ፤ መንገድ ያዘገያል። ሰዓቱ ካለፈ ትዝ ሲል ይዋጥ፤ ለሚቀጥለው የቀረው ከ4 ሰዓት በታች ከሆነ ግን ያንኑ ይጠብቅ፣ ሁለት ፍሬ ባንዴ አይውሰድ።