የላብራቶሪ ፍሳሽን ገለልተኛ ማድረግ ምንድን ነው?

ገለልተኛ ማድረግ ማለት አሲድ ላይ ቤዝ፣ ቤዝ ላይ አሲድ ጨምሮ ፒኤቹን (የአሲድነት ወይም የቤዝነት መለኪያውን) ወደ 7፣ ማለትም ወደ መሃሉ ማምጣት ነው። «ፒኤቹ 7 ከገባ መታጠቢያ ገንዳ ውስጥ ድፋው» የሚለው ምክር መደጋገሙ ግን ያሳስባል። ምክሩ የሚሠራው ሌላ መርዛማ ነገር ለሌለበት ተራ አሲድ ወይም ቤዝ ነው፤ ያውም የተቋሙ የፍሳሽ ደንብ ከፈቀደ።

«ሊትመሱ (አሲድና ቤዝ የሚለየው ወረቀት) ቀለሙን ካልለወጠ ሌላ ምን ይፈለጋል?» ብሎ የሚሞግትም አለ። የሚፈለገውማ ጠርሙሱ ውስጥ ምን እንደቀረ ማወቅ ነው። ገለልተኛ ማድረግ የሚያጠፋው የአሲዱን ወይም የቤዙን የማቃጠል ኃይል ብቻ ነው። ሚዛን አስቡ፦ ሁለቱ ሳህኖች ሲስተካከሉ ክብደታቸው እኩል መሆኑን እናውቃለን፤ ምን እንደተጫነባቸው ግን አናውቅም። በአንዱ እርሳስ፣ በሌላው ሜርኩሪ ቢሆንም ዘንጉ ቀጥ ይላል። ፒኤች መለኪያ የሚያነበው ዘንጉን ነው።

ዳይክሮሜት (ክሮሚየም የያዘ ብርቱካናማ ውህድ) ያለበት አሲድ ዋናው ማሳያ ነው። ቤዝ ሲጨመርበት ብርቱካናማው ቢጫ ይሆናል፤ ብዙዎችም «ዳነ» ብለው ይደፉታል። የሆነው ግን ዳይክሮሜቱ ወደ ክሮሜት መለወጡ ብቻ ነው፤ ካንሰር አምጪው የክሮሚየም ዓይነት፣ ክሮሚየም 6፣ እንደሟሟ አለ። ትክክለኛው መንገድ የሚጀምረው ከአሲድ ነው። ፊውም ሁድ (ጋዝ ስቦ የሚያስወጣ የላብራቶሪ ሳጥን) ውስጥ ፒኤቹን ከ3 በታች አድርጎ፣ ሶዲየም ባይሰልፋይት በጥቂት በጥቂቱ እየጨመሩ ማማሰል፤ ሰልፈር ዳይኦክሳይድ ስለሚወጣ ከፊውም ሁዱ ውጭ አይሞከርም። ብርቱካናማው ጨርሶ ጠፍቶ አረንጓዴ ሲሆን መርዛማነቱ ወደሚያንሰው ክሮሚየም 3 ተለውጧል። ከዚያ በኋላ ነው ቤዝ የሚጨመረው፤ ፒኤቹ ከ8 እስከ 9 ሲደርስ ክሮሚየም ሃይድሮክሳይድ ይዘቅጣል። ዝቃጩ ተጣርቶ ለአደገኛ ቆሻሻ ተረካቢ ይሄዳል። የተጣራው ፈሳሽም ክሮሚየም እንዳልቀረበት ሳይመረመር አይደፋም።

ለተራ አሲድም ቢሆን መጠኑ ይታሰብ። 1 ሊትር ባለ 1 ሞላር (በሊትር አንድ ሞል ያለበት) ሃይድሮክሎሪክ አሲድ 84 ግራም ሶዲየም ባይካርቦኔት ይፈልጋል፤ 24 ሊትር ገደማ ካርቦን ዳይኦክሳይድም ያወጣል። በሰፊ ዕቃ ካልተሠራ አረፋው ገንፍሎ ይፈሳል፤ ጠርሙሱ ቶሎ ከተከደነ ደግሞ ይፈነዳል። ያልቀጠነ ብርቱ (ኮንሰንትሬትድ) አሲድ ከሆነ አስቀድሞ በበረዶ ውሃ ይቅጠን፤ አሲዱ ወደ ውሃው እንጂ ውሃው ወደ አሲዱ አይጨመርም።

በተቃራኒው ቤዙን በአሲድ ማብረድ የሚገድልበት ጊዜ አለ። ሳያናይድ ሃይድሮጅን ሳያናይድን፣ ሰልፋይድ ሃይድሮጅን ሰልፋይድን፣ በረኪና ክሎሪንን ይለቃሉ። ሃይድሮፍሎሪክ አሲድ ላይ ደግሞ ባይካርቦኔት ፍሎራይዱን እንደሟሟ ይተወዋል፤ እንዲዘቅጥ የካልሲየም ጨው ያስፈልጋል።

የጠርሙሱ መለያ ላይ «ገለልተኛ የተደረገ» ብቻ መጻፍም ለተረካቢው ምንም አይነግረውም። ለዳይክሮሜቱ ዝቃጭ፣ ለምሳሌ፣ «ክሮሚየም ሃይድሮክሳይድ፣ ሶዲየም ሰልፌት፣ ውሃ» ተብሎ በየመጠኑ፣ ከነቀኑ ይጻፍ።