«እረኛ ምን አለ?» ማለት ምን ማለት ነው?

አብዛኛው ተረትና ምሳሌያችን ፍርዱን ሰጥቶ ይጨርሳል። «ከአፍ ከወጣ አፋፍ» ይላል፤ አለቀ። «እረኛ ምን አለ?» ግን ይጠይቃል። ጠያቂው ደግሞ ትልቅ ሰው ነው። ንጉሥ፣ ራስ፣ ወይም ደጃዝማች። ተጠያቂው ከብት የሚጠብቅ ልጅ ነው።

ትርጉሙ ባጭሩ «ሕዝቡ ስለ እኔ ምን ይላል?» ነው። ዛሬም እንጠቀምበታለን። አንድ ውሳኔ ወጥቶ ሰዉ ውስጥ ውስጡን ሲያጉረመርም «ለመሆኑ እረኛ ምን አለ?» እንላለን። ተራው ሰው፣ ማንም የማይጠይቀው ሰው ምን ተሰማው ማለታችን ነው።

አመጣጡን ትልልቅ ሰዎች ሲያስረዱ እንዲህ ይላሉ። ድሮ ገዥው የአገሩን ልብ ማወቅ ሲፈልግ ባለሟሎቹን ቢጠይቅ አይጠቅመውም። ባለሟል ጌታው መስማት የሚወደውን ነው የሚነግረው። ገበሬውም አይናገርም። ርስት አለው፣ ግብር አለበት፣ ልጆች አሉት፤ ይፈራል። እረኛው ግን ገና የሰባት የስምንት ዓመት ልጅ ነው። ማታ ተኝቷል ሲባል አባትና እናቱ የሚያወሩትን ሁሉ ይሰማል። ጭቃ ሹሙ ስንት ቁና እህል እንደወሰደ፣ ዳኛው ለማን እንዳደላ፣ የማን በሬ ያለ አግባብ እንደተነዳ ይሰማል። ጠዋት ከብቶቹን ይዞ መስክ ይወጣና በዜማ ያወጣዋል። ከማዶ ያለው እረኛ ይቀበለዋል። ከዚያ የሚቀጥለው ጋራ ይቀበላል። ማታ ከብት ሲገባ ግጥሙን አገሩ ሁሉ ይዞታል። ማን ጀመረው ቢባል መልስ የለም።

ሌላም እምነት ነበር። ልጅ ክፋት አያውቅም፣ ስለዚህ ከአፉ የሚወጣው ንግርት ነው ይባል ነበር። እረኛ ሳያስበው የዘፈነው ነገር ሊመጣ ያለውን ይናገራል ተብሎ ይፈራ ነበር። ገዥው እረኛ ምን እንዳለ የሚጠይቀው ሐሜቱን ለማወቅም፣ ዕጣውን ለማወቅም ነው።

ይህን አባባል ብዙዎች የድሮ ነገሥታት ሕዝባቸውን ያዳምጡ እንደነበር ማስረጃ አድርገው ይጠቅሱታል። እኔ ግማሹን ብቻ ነው የምቀበለው። ማዳመጡ እውነት ሊሆን ይችላል። ግን እረኛው ደፍሮ የተናገረው ሕግ ስለጠበቀው አልነበረም። የጠበቀው ጋራው ነው። ርቀቱና ስሙ አለመታወቁ ነው። ስሙ የታወቀ፣ ፊት ለፊት የቆመ ሰው ያንኑ ነገር ሲናገር ምን ይደርስበት ነበር የሚለውን ለማየት ደግሞ ከእረኛው ወደ አዝማሪው መሄድ ያስፈልጋል።

በ1845 ዓ.ም. ጉር አምባ ላይ የደጃዝማች ጎሹ ዘውዴ ጦርና የካሣ ኃይሉ ጦር ተገናኙ። ካሣ በኋላ አፄ ቴዎድሮስ የሆኑት ናቸው። ያኔ ግን ገና ሽፍታ እየተባሉ የሚጠሩ ሰው ነበሩ። ከጎሹ ጋር አንድ አዝማሪ ነበር። የአዝማሪ ሥራ ደግሞ የጌታውን ጦር ማጀገን፣ ጠላትን ማዋረድ ነው። ካሣን እብድ እያለ፣ ጥቂት ሰው ይዞ ጦርነት መጣ እያለ በግጥም ሲያላግጥባቸው ዋለ። ከዚያ ጦርነቱ ተገለበጠ። ጎሹ ሞቱ፣ ጦራቸው ተበተነ፣ አዝማሪው ተማረከ። ካሣ ፊት አቀረቡት። እንዴት አድርገህ ነው የሰደብከኝ ብለው ሲጠይቁት እንዲህ ሲል መለሰ ይባላል፦

አወይ ያምላክ ቁጣ፣ አወይ የእግዜር ቁጣ፣
አፍ ወዳጁን ያማል የሚሠራው ሲያጣ፣
ሽመል ይገባዋል የአዝማሪ ቀልማጣ።

ይህን ግጥም ባሰብኩት ቁጥር ሆዴ ይባባል። ሰውዬው በገዛ ጥበቡ ሕይወቱን ለማትረፍ እየሞከረ ነው። ስድቡን ወደ ራሱ አዞረው። ራሱን ቀልማጣ አለ። ቅጣቱን እንኳ ራሱ መርጦ፣ ከሞት ያነሰውን፣ ሽመልን ጠቆመ። ጥሩ ግጥም የጌታን ቁጣ ያበርዳል የሚለው የቆየ ተስፋ ነው የያዘው። አልሆነለትም። ሽመል ይገባዋል ካለ ሽመል ይቅመስ ተባለና ተደብድቦ ሞተ። ካሣ ከሁለት ዓመት በኋላ፣ በ1847 ዓ.ም.፣ ነገሡ።

አዝማሪው መሳደቡ እውነት ነው። ክብር ነክቷል። ግን ነፍስ አላጠፋም፣ ቤት አላቃጠለም። የተነካው ክብር የኃይለኛ ሰው ክብር መሆኑ ነው ቅጣቱን ሞት ያደረገው።

ጣሊያን ሲመጣ ነገሩ ባሰ። የካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም. በግራዚያኒ ላይ ቦምብ ከተወረወረ በኋላ በአዲስ አበባ የደረሰውን ጭፍጨፋ ሁላችንም እናውቃለን። ብዙ ሰው ያልሰማው የሚቀጥለውን ወር ነው። ግራዚያኒ በከተማውና በአካባቢው ያሉ ጠንቋዮች፣ ንግርት ተናጋሪዎችና እየዞሩ የሚያዜሙ ሰዎች ተይዘው እንዲገደሉ አዘዘ። ጥፋታቸው ምን ነበር? የጣሊያን ጊዜ በቅርቡ ያበቃል እያሉ ለሕዝቡ ይናገራሉ ተባለ። ያ ሁሉ አውሮፕላንና መርዝ ጋዝ የነበረው ጦር ማሲንቆ ፈራ። እረኛ ያለውን ሰማ፣ መልሱን በጥይት ሰጠ።

ከእረኛው አባባል ጎን ለጎን ሌላ አባባል አለን። «ንጉሥ አይከሰስ፣ ሰማይ አይታረስ።» ሁለቱ በአንድ አገር፣ አንዳንዴም በአንድ ሰው አፍ ይነገራሉ። በ1948 ዓ.ም. የተሻሻለው ሕገ መንግሥት ላይ ሁለቱን ጎን ለጎን ታገኟቸዋላችሁ። አንቀጽ 41 የመናገርና የጋዜጣ ነፃነት በሕግ መሠረት ተጠብቋል ይላል። አንቀጽ 4 ደግሞ ንጉሠ ነገሥቱ ቅዱስ ናቸው፣ ክብራቸው አይደፈርም፣ ሥልጣናቸው አይከራከሩበትም ይላል። እንግዲህ ተናገር ተብሏል፣ ዋናው ነገር ግን አይነካም። ደርግ ሲመጣ ንጉሡ ወረዱ እንጂ ሳንሱሩ አልወረደም። ቅድመ ምርመራ በሕግ የተከለከለው በ1985 ዓ.ም. በወጣው የፕሬስ አዋጅ ነው።

ከዚያ የ1987 ሕገ መንግሥት መጣ። አንቀጽ 29ን ረጋ ብሎ ማንበብ ጥሩ ነው። ንዑስ አንቀጽ 6 ሐሳብን መግለጽ በሐሳቡ ይዘትና ሐሳቡ በሚያስከትለው ውጤት ምክንያት ሊገታ አይገባም ይላል። ቀጥሎ ገደቦቹን ይዘረዝራል። የወጣቶች ደህንነት፣ የሰው ክብርና መልካም ስም በሕግ ሊጠበቁ ይችላሉ። የጦርነት ቅስቀሳና ሰብዓዊ ክብርን ለመንካት ሆን ተብሎ የሚነገር ነገር ይከለከላል። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የጥላቻ ንግግር አዋጅ ቁጥር 1185 ይህን ወደ ወንጀል ሕግ አወረደው። በብሔር፣ በሃይማኖት፣ በፆታ ወይም በአካል ጉዳት ምክንያት ሆን ብሎ ጥላቻ፣ መድልዎ ወይም ጥቃት የሚቀሰቅስ እስከ ሁለት ዓመት ሊታሰር ወይም እስከ 100,000 ብር ሊቀጣ ይችላል። ንግግሩ ጥቃት ካስከተለ እስሩ እስከ አምስት ዓመት ይደርሳል። ለትምህርትና ለምርምር፣ ለዜናና ለፖለቲካ ትችት፣ ለኪነ ጥበብና ለሃይማኖት ትምህርት የሚነገረውን አዋጁ ለይቶ ያወጣል።

ገደብ አያስፈልግም ከሚሉት ወገን አይደለሁም። እንደገና ወደ እረኛው ልመለስ። አንዱ ልጅ «ሹሙ እህላችንን በላ» ብሎ ይዘፍናል እንበል። ሌላው በዚያው ዜማ «የማዶ ሰዎች ካልጠፉ ሰላም የለም» ይላል። ዜማው አንድ ነው፣ ልጆቹም እኩል ናቸው። የመጀመሪያውን የሚሰማው ሹም ይናደዳል፣ ያፍራል፣ ምናልባትም እህሉን ይመልሳል። ሁለተኛውን የሚሰማው ግን ከማዶ ያለው እረኛ ነው። ከብቶቹን እዚያው ወንዝ የሚያጠጣ ልጅ ነው። ማታ ቤቱ ሲገባ ለአባቱ ምን ብሎ ይነግራል? አባቱስ ሌሊቱን እንዴት ያድራል? እኛ አገር ይህን በመላ ምት አናወራም። በፌስቡክ የተጻፈ አንድ መስመር መንደር ሲያስነሳ ያየን ሰዎች ነን።

ሁለተኛውን መከልከል ልክ ነው ብዬ አምናለሁ። የምፈራው ሁለተኛውን ለመከልከል የወጣው ሕግ የመጀመሪያውን ልጅ ሲይዝ ነው። ይህም ደርሷል። በ2001 ዓ.ም. የወጣው የፀረ ሽብር አዋጅ ቁጥር 652 ሽብርን ለመከላከል ነው ተብሎ ነበር። ጋዜጠኞችና ጦማሪዎች ታሰሩበት። በ2012 ዓ.ም. በሌላ አዋጅ ተተካ፣ የታሰሩበትን ዓመታት ግን ማንም አልመለሰላቸውም።

ስለዚህ አባባሉን ስንጠቀም አንድ ነገር ልብ እንበል። አንዳንድ ኃላፊ ስብሰባ ላይ «እረኛ ምን አለ?» ብሎ ይጠይቅና በማግስቱ ማን እንደተናገረ ያጣራል። ያ አባባሉን ማበላሸት ነው። የድሮው ጥያቄ የልጁን ስም አይፈልግም ነበር። ያለውን ብቻ ነው የሚፈልገው። እረኛውም ቃላት እየመረጠ፣ ሹሙ እንዳይቀየም እየተጠነቀቀ አይዘፍንም። ሻካራ ነው፤ ሊያስከፋ ይችላል። መስማት የሚፈልግ ሰው ያንን መቻል አለበት።

የዛሬው እረኛ ደግሞ ጋራው የለውም። ስልኩ በመታወቂያው ነው የተመዘገበው። የጻፈው ሁሉ ከስሙና ከሰዓቱ ጋር ይቀመጣል። ድሮ ርቀቱ ያደርግለት የነበረውን ጥበቃ አሁን ሊያደርግለት የሚችለው ዳኛ ብቻ ነው። አንድ ልጅ በጻፈው ነገር ተከሶ ሲቀርብ ዳኛው ከሁሉ በፊት ቢጠይቅ የምመኘው ይህን ነው፦ እዚህ የተነካው ሹሙ ነው ወይስ የማዶው ጎረቤት? ሹሙ ከሆነ ልጁ በዚያው ቀን ወደ ቤቱ ይመለስ።